የጎጃም ገበሬዎች ተቃውሞ (1960–1961 ዓ.ም.)

በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣ ፀረ ግብር እንቅስቃሴ ሲሆን፣ መንግሥት የማይወደውን ሐሳብ መናገር ምን ያህል ያስከፍል እንደነበር ያሳያል። መነሻው በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። ገበሬውን ያስፈራው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ምርቱን የሚገምት ነገ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይዞ ይመጣል፣ ርስቴም ተለክቶ ጭሰኛ እሆናለሁ የሚል ሥጋትም ነበር።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመናገር ነጻነትም፣ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለት መብትም ተጽፎ ነበር። ገበሬዎቹም መጀመሪያ ወኪል መርጠው አቤት አሉ። ሰሚ ሲያጡ መሣሪያ አነሡ፤ አቤት ባዮቹ ሽፍታ ተባሉ፣ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። አቤቱታን እንደ ዐመፅ መቁጠር የአስተዳደሩ ከባድ ጥፋት ነበር። በገበሬው መካከል ደግሞ ግብሩን ደግፎ መናገር ያስፈራ ነበር፤ ይህም ሊዘለል አይገባም።

ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ከሹመታቸው ተነሡ። በ1961 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጎጃምን ጎብኝተው ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዲሱም ግብር በጠቅላይ ግዛቱ በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ።