ስድሳ ሺሕ ጦርና አሥራ ሁለት መድፍ

ሰቆጣ የሄደ እንግዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳያይ አይመለስም። እኔም ሄጄ አየሁት። ከዓለት በተፈለፈለው በዚህ ቤተ ክርስቲያን በእንጨት ሣጥን ያረፈ፣ የዋግሹሞች ነው የሚባል አስከሬን አለ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ አሳቤ የሄደው ግን ከዋግሹሞች መካከል ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ወደ በቁት ወደ ዋግሹም ጎበዜ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ እኚህ ሰው የተማርነው ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ “አሳም ላይ ተሸነፉ” የሚል። ለመሆኑ ያን ያህል ሠራዊት ይዘው እንዴት ተሸነፉ?

ጎበዜ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ከተገደሉባቸው በኋላ የሸፈቱ ሰው ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ገዥ የካሣ ምርጫ እኅት ነበሩ። እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ጦርነት የአማቾች ጦርነት ነው።

የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲያልፍ ካሣ መንገድና ስንቅ አመቻቹለት። ጎበዜም አላገዱትም። ጦሩ ሲመለስ ግን ውለታውን የከፈለው ለካሣ ነው፤ 6 ሞርታር፣ 6 ሃውትዘር፣ ከ700 የሚበልጥ ጠመንጃ ከነጥይቱና ከነባሩዱ ትቶላቸው ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ “ድሉ የመድፍ ነው” ብለን ነገሩን እዚህ ላይ እንዳንዘጋው። መድፍማ ቴዎድሮስም ነበራቸው። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለ እጆች ያሠሩት፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ገደልና ቁልቁለቱ ወራት ፈጅቷል። እሮጌ ላይ ግን የአምባው መድፎች ጠላትን አላቆሙም። መድፍ ብቻውን ብረት ነው። ባሩዱን የሚለካ፣ የሚያጎርስ፣ የሚያነጣጥር፣ ጥይቱን በአጋሰስ የሚያጓጉዝ፣ ተኳሾቹን ከፈረሰኛ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

የዘመኑ ሠራዊት አሰላለፍ ደግሞ ለዚህ የተሠራ አልነበረም። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ሆኖ በብዛትና በጀግንነት የሚዋጋ ጦር ነው። ካሣ የጨመሩት አንድ ነገር ቢኖር አሠልጣኝ ነው። በቻይና በጎርደን ጦር ውስጥ ያገለገለው እንግሊዛዊው ጆን ኪርክሃም አገልግሎታቸው ገብቶ ወታደሮቻቸውን በአዲሱ መሣሪያ አሠለጠነላቸው።

በ1863 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ 60,000 ያህል ጦር አስከትተው ትግራይ ገቡ። ካሣ 12,000 የሚሆን ሰው ነበራቸው። ሰኔ ላይ ማይ ዛሕሎ ተጋጠሙ፤ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ አድዋ አጠገብ አሳም ወንዝ ላይ ነገሩ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ተማርከው በእንዳ አባ ሰላማ ታሰሩ፤ ከእስርም ሳይወጡ ሞቱ። ካሣም ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የዘመናችን ኃያላንም ይህን ያውቁታል። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1959 የኑክሌር ሚሳይሎቿን ራሱን ለቻለ የሮኬት ጦር ሰጠች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1966 የራሷን ስታቋቁም “ሁለተኛው መድፈኛ” አለችው። ሚሳይል ያለው ሁሉ የሚሳይል ጦር አለው ማለት አይደለም፤ የተለየ አዛዥ፣ የሠለጠነ ምድብተኛ፣ ግምጃ ቤትና ማጓጓዣ ከሌለው ያው የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ነው።

ከአሳም 25 ዓመት በኋላ የዋግ ጦር እንደገና አድዋ ወረደ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዋግሹም ጓንጉል ከምኒልክ፣ ከራስ መንገሻ ዮሐንስና ከራስ አሉላ ጋር በአንድ ወገን ተሰለፉ። በጅሮንድ ባልቻን የመሰሉ የመድፍ አዛዦችም ነበሩ። ያን ጊዜ መድፉ የተኮሰው በወራሪ ላይ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የመጀመሪያው አድዋ ነው። ባዕድ ጥሎት በሄደው መሣሪያ አማች አማቹን ጣለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ዋግ ኽምራ ውስጥ ሲሰማም ያሰብኩት ስለ ወይዘሮ ድንቅነሽ ነበር። አሳም ላይ ማንም ያሸንፍ ማን እሳቸው ወይ ባል ወይ ወንድም ያጣሉ። ስለ መድፉ ቁጥር ስንጽፍ ኖረናል፤ የእሳቸውን ለቅሶ የቆጠረው ግን የለም።