የብርድ ሽፍታና የአንድ ክኒን ታሪክ

ጥር ላይ ብሩክሊን ፓርክ ቆሞ አውቶቡስ የጠበቀ ሰው ስለ ሚኒሶታ ብርድ ሰባኪ አያሻውም። አንዳንዱ ወገናችን ግን ከብርዱ ሸሽቶ ቤት ሲገባና ገላው መሞቅ ሲጀምር፣ እጁና ፊቱ ሳማ እንደለበለበው ያብጣል፤ ያሳክከዋል። እናቶቻችን ቢያዩት ምች ነው ብለው ዳማከሴ ባሹለት ነበር። ሐኪሞች የብርድ አለርጂ ይሉታል። ለዚህ ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ሲፕሮሄፕታዲን የተባለ መድኃኒት ነው። አመጣጡን ላጫውታችሁ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

በ1910 እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌይድሎው ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በእንስሳት ላይ ሲሞክሩ፣ ያዩት ምልክት ከከባድ አለርጂ ጋር ተመሳሰለባቸው። በ1937 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ዳንኤል ቦቬና አን ማሪ ስታውብ ሂስታሚንን የሚያግድ ነገር አገኙ። መርዛማ ስለነበር ለሰው አልሆነም፤ መንገዱን ግን ከፈተ። ቦቬም በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሁላችንም የምናውቀው ቤናድሪል በ1946 የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚያ ሌላ ተጠርጣሪ ብቅ አለ። በ1948 ክሊቭላንድ ውስጥ ሞሪስ ራፖርትና ባልደረቦቹ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ከደም ለይተው አወጡ፤ ሴሮቶኒን አሉት። አይጥ እግር ላይ ሲወጋ እግሩን ያሳብጣል። ሁለቱንም፣ ሂስታሚንንም ሴሮቶኒንንም፣ የሚያግደው የመርክ ኩባንያ ሲፕሮሄፕታዲን በ1961 ፈቃድ አገኘ።

መቼም አይጥና ሰው አንድ አይደለም። አለርጂ ሲነሳ ኬሚካል የሚረጩት ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት፣ በአይጥ ውስጥ ብዙ ሴሮቶኒን ያከማቻሉ፤ በእኛ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። በሰው ላይ ክኒኑ ማሳከኩን የሚያበርደው በዋናነት ሂስታሚንን ስለሚያግድ ነው።

ሴሮቶኒንን ማገዱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል። "ያወፍራል" ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አፔታሚን የተባለ ሽሮፕ ውስጡ ይኸው መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የለውም። አንዲት እህታችን ልጇ እንዲበላላት ብላ ከሻንጣ የወጣ ሽሮፕ ስትሰጠው አይቻለሁ። ልጁ መብላቱን በላ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሲያንቀላፋ ዋለ።

ዛሬ ለብርድ አለርጂ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚያዝዙት እንደ ሴቲሪዚን ያሉትን ብዙ የማያስተኙ መድኃኒቶች ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ዘሎ ቢገባ መላ ሰውነቱ በአንዴ ሂስታሚን ሊረጭ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስትና ሊሰጥም ይችላል። ያን ጊዜ ክኒን አያድንም። የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ወዲያው ደግሞ 911 ይደወላል። የሲፕሮሄፕታዲን የራሱ መመሪያም መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው ከአድሬናሊኑ በኋላ፣ አደጋው ሲረግብ ነው።