ንክኪ

በጾም ቀን፣ ሥጋ ወጥ የተማሰለበት ማማሰያ ሽሮ ድስት ውስጥ አይገባም። ከገባ ሽሮው አልቆሸሸም፣ አልተበላሸም፤ ለጿሚው ግን አይሆንም። የምግብ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «ክሮስ ኮንታክት» የሚሉት ይህንኑ ነው። በአማርኛ «ንክኪ» ቢባል ጓዳ የገባ ሁሉ ይገባዋል።

ቃሉ በጣም የሚያስፈልገው ሴሊያክ የተባለ ሕመም ላለበት ሰው ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሆዱ ሲገባ፣ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱ ያህል ይህ ሕመም አለበት። አሜሪካ በ2013 ባወጣችው ደንብ «ግሉተን የለውም» የሚል የታሸገ ምግብ በኪሎ 20 ሚሊግራም እንኳ ሊኖረው አይገባም። የገባበትን ምግብ ከዚህ ለማሳለፍ የዳቦ ፍርፋሪ ሊበቃ ይችላል።

ንክኪን «ብክለት» የሚሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጀርም በእሳት ይሞታል፣ ግሉተን ግን ምጣዱ ቢግል፣ ዘይቱ ቢንተከተክ አይጠፋም። ደግሞስ «ምግባችሁ ተበክሏል?» የተባለ አስተናጋጅ ይቀየማል እንጂ ምን ይመልሳል?

ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን በውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጤፍ ስለሚወደድ እንጀራው ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። ንጹሕ ጤፍ ለብቻው ቢጋገርም እንኳ እርሾው ከድብልቁ ሊጥ የተቀዳ ከሆነ ንክኪው ከቡኮው ይጀምራል። ምጣዱ አለ፤ የስንዴ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ገበታው ነው፤ ድብልቅ እንጀራ የቆረሰ እጅ ተመልሶ ወጡ ውስጥ ይገባል። ጉርሻም በዚያው እጅ ይመጣል፣ የወዳጅን ጉርሻ መመለስ ደግሞ እንዴት እንደሚጨንቅ እናውቃለን። ስለዚህ የራስን ሳህን ለይቶ ማዘዝና ምክንያቱን ገና ምግቡ ሳይቀርብ ለወዳጆች መንገር ይሻላል።

«ግሉተን አለው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም፤ መልሱ «ኧረ ጤፍ ነው!» ይሆናል። እንዲህ ይጠየቅ፦ «እህቴ፣ እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ ገብቶበታል? እርሾውስ? ንክኪ እንዳይኖረው ምጣዱ ለብቻ ነው?» ወዲያው «አታስብ» ከምትለኝ ይልቅ «ቆይ፣ ጋጋሪዋን ልጠይቅልህ» ብላ ወደ ጓዳ የምትመለሰውን አምናለሁ።