ሪሞቱ በማን እጅ ነው?

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ወይም የጎረቤትዎ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተጥዶ ግዙፍ የብረት ሰዎች ሲደባደቡ ሲመለከት አይተው ይሆናል። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው!» ብለው አጥፍተውበትም ይሆናል። እኔም ያው ነበርኩ። ኋላ ግን የድሮው የመምህርነት አመል አላስቀምጥ ብሎኝ የነገሩን ሥር ስከታተል፣ ከካርቱኑ በስተጀርባ ጦርነት፣ የተቃጠለ ከተማና የመሬት መንቀጥቀጥ አገኘሁ። ታሪኩን ላጫውትዎ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚትሱቴሩ ዮኮያማ በ1934 ኮቤ በምትባለው የጃፓን የወደብ ከተማ ተወለደ። በ1945 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ኮቤን በእሳት ሲያጋዩአት ዕድሜው 10 ዓመት ነበር። አድጎ የሥዕል ታሪክ ደራሲ ሆነና በ1956 በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ «ቴትሱጂን 28» የተባለ ተከታታይ ታሪክ ጀመረ። ቴትሱጂን ማለት የብረት ሰው ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የጃፓን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ድል የሚያመጣለት የብረት ወታደር በምስጢር ያሠራል። ነገር ግን ጦርነቱ ያልቃል፤ መሣሪያውም በመጨረሻ ሾታሮ ካኔዳ በተባለ የሠሪው ሳይንቲስት ልጅ እጅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ የብረት ሰው አያስብም፣ አይናገርም፣ ክፉና ደጉን አይለይም። የሚንቀሳቀሰው ሕፃኑ በያዘው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም በሪሞት ኮንትሮል ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበዴው ሁሉ የሚሻማው በብረቱ ሰው ሳይሆን በሪሞቱ ነው። ሪሞቱን ልጁ ከያዘው ከተማ ያድናል፤ ወንበዴው ከነጠቀው ያንኑ ከተማ ያፈርሳል። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። ማሽንን ከሩቅ ማዘዝ ራሱ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒውዮርክ ከተማ ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ እየነዳ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ዮኮያማ የጨመረበት «አዛዡ ማን ይሁን?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ታሪኩ በ1963 በጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አሜሪካ ሲገባ ታዲያ እንደ አንዳንዶቻችን ስሙ ተለወጠ። ቴትሱጂን «ጃይጋንቶር»፣ ሾታሮ ደግሞ «ጂሚ» ተባሉ። ዘመኑም ወደ 2000 ዓመት ተገፍቶ፣ የብረቱ ሰው ከጦርነት ፍርስራሽ የወጣ መሆኑ ተቆርጦ ቀረ። ስም መለወጡ እንኳ ይሁን፤ ከየት እንደ መጣ ሲሰረዝ ግን የታሪኩ ነፍስ አብሮ ይሄዳል። በስደት ልጆች ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ሩቅ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኮቤ እንመለስ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ከንጋቱ በፊት ከተማዋ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። በአካባቢው ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክፉኛ ከተጎዱት ሠፈሮች አንዱ ናጋታ ነው። ናጋታ የሠራተኞች ሠፈር ሲሆን፣ ትናንሽ የጫማ ፋብሪካዎች የሞሉበት፣ ከኮሪያና ከቬትናም የመጡ ስደተኞችም የሚኖሩበት ነው። የእንጨት ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለነበሩ መንቀጥቀጡ ያልጣላቸውን እሳቱ በላቸው። የኮቤ ጫማ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 በኦሳካ ማራቶን ሲያሸንፍ የተጫማው ኮቤ የተመሠረተው የኦኒትሱካ ድርጅት የሠራለትን ጫማ ነበር።

ከአደጋው በኋላ መንግሥት በናጋታ ረጃጅም ሕንፃዎች አቆመ። ሕንፃ ቢቆምም ገበያተኛው አልተመለሰም፤ ብዙ ሱቆች ባዶ ቀሩ። በዚህን ጊዜ የሠፈሩ ነጋዴዎች መከሩና የከተማቸው ልጅ የፈጠረውን የብረት ሰው በልኩ ለማቆም ተነሡ። ወጪው 135 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 45 ሚሊዮኑን የከተማው አስተዳደር ሰጠ፤ የቀረው ከመዋጮና ከድርጅቶች ድጋፍ ተሰበሰበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው። በ2009 ሥራው ተጠናቀቀ። ቴትሱጂን 50 ቶን በሚያህል ብረት ተሠርቶ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ቡጢውን ጨብጦ በናጋታ መናፈሻ ቆመ። ቀጥ ብሎ ቢቆም ቁመቱ 18 ሜትር ይሆን ነበር። ዮኮያማ ግን ይህን አላየም፤ በ2004 አርፏል።

«ቤት ለጠፋበት ሰው የብረት አሻንጉሊት ምን ይፈይዳል?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐውልቱ የሞተውን አላስነሣም፤ ባዶውንም ሱቅ ሁሉ አልሞላም። ይሁንና ሰው «ያ የተቃጠለው ሠፈር» ይለው የነበረውን ቦታ «የብረቱ ሰው ሠፈር» ብሎ ልጁን አስከትሎ ይጎበኘው ጀመር። ለተጎዳ ሠፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የናጋታው ሐውልት አይንቀሳቀስም። ታዲያ በትእዛዝ የሚራመድ መሥራት አይቻልም ወይ? ዮኮሐማ ላይ ተሞክሯል። በ1979 በተጀመረው «ጋንዳም» የተባለ ካርቱን ውስጥ ያለው ሮቦት 18 ሜትር ሆኖ፣ 25 ቶን መዝኖ ከዲሴምበር 2020 እስከ ማርች 2024 ድረስ ለሕዝብ ታይቷል። ውስጡ ሰው ሳይገባ፣ ከውጭ በኮምፒዩተር እየታዘዘ እግሩን ያነሣ፣ ይንበረከክ፣ ጣቱንም ወደ ሰማይ ይቀስር ነበር። ነገር ግን ወገቡ ከበስተኋላው በተሠራ የብረት ማማ ተይዞ ነበር እንጂ ብቻውን አልቆመም።

ምክንያቱን ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። አንድ 1.80 ሜትር ቁመትና 80 ኪሎ ክብደት ያለው ሰው ያስቡ። መልኩን ሳይለውጥ ቁመቱ 10 እጥፍ ቢሆን ወርዱም ውፍረቱም 10 እጥፍ ስለሚሆኑ ክብደቱ 1,000 እጥፍ፣ ማለትም 80 ቶን ይሆናል። ሸክሙን የሚችለው የአጥንቱ ስፋት ግን የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። እያንዳንዷ የአጥንት ክፍል የ10 እጥፍ ጫና ትሸከማለች ማለት ነው። የዮኮሐማዎቹ መሐንዲሶች አካሉን ከብረት አጥንትና ቀላል ከሆነ የካርቦን ፕላስቲክ ልብስ ቢሠሩትም ምርኩዙን ሊያስቀሩለት አልቻሉም። በካርቱን ተራራ የሚዘል ሁሉ በምድር ላይ ደጋፊ ይሻል።

በሪሞት የሚታዘዘው ማሽን ግን በሌላ መልክ መጥቷል። ሰው አልባው አውሮፕላን፣ ድሮን የምንለው፣ እግርና እጅ የለውም እንጂ የቴትሱጂን ወንድም ነው። ማሳ ይረጫል፣ መድኃኒት ያደርሳል፤ ቦምብም ይጥላል። በአገራችን ሰማይ ላይም አይተነዋል። ሰዎች ስለ ማሽኑ ብቻ ሲያወሩ ስሰማ የሾታሮ ታሪክ ይታወሰኛል። አንድ የተቃጠለ ከተማ ልጅ በ1956 የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ የብረት ሰዎችን ሲያይ ቢያገኙት ቶሎ ብለው አያጥፉበት። አጠገቡ ይቀመጡና «ይሄን ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ሪሞቱስ አሁን በማን እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ልጁ ይህን መጠየቅ ከለመደ፣ ነገ እሱ ራሱ ሪሞት የሚጨብጥበት ቀን ሲመጣ ጥያቄው ይጠቅመዋል።