ጭሱ የማን ነው?

የነገሥታትና የጦር ሜዳ ታሪክ በብዙ ጥራዝ ተጽፎልናል፤ የጭስ ታሪክ ግን ገና በወጉ አልተጻፈም። ጭስ በተባለ ጊዜ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የእናቶቻችን ዓይን የሚያነባበትን ማጀት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ማቀዝቀዣ ከመሥራቱ በፊት ሥጋውን፣ ዓሣውንና ወተቱን ከብልሽት ካዳነባቸው ጥቂት ዘዴዎች አንዱ፣ ከጨውና ከፀሐይ ጋር፣ ጭስ ነበር። ጭስ እንግዲህ የኢኮኖሚ ታሪክ አካል ነው፤ እንደ ማናቸውም የማምረቻ ዘዴ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣበታል። ማን አነደደው? ማን ተጠቀመበት? የማንስ ሳንባ ዋጋውን ከፈለ? ባለፈው በጋ በኦስሎ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ርካሽ የጭስ ሣጥን ለመሥራት የተነሣነው ለዓሣ ብቻ ነበር፤ የደረስነው ግን ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከአገራችን እንጀምር። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእርጎ ቅልና የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የጠላ እንስራም በግራዋ ታጥቦ እንደዚሁ ይታጠናል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የወይራው ስንጣሪ በፍም ላይ ይደረጋል፤ ዕቃው በላዩ ይደፋል፤ ጭሱም ከዕቃው ገላ ላይ ይቀራል። በጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችና አሲዶች ረቂቅ ተሐዋስያንን እንደሚገቱ፣ ስብም ቶሎ እንዳይበላሽ እንደሚያደርጉ የዛሬው ኬሚስትሪ ያረጋግጣል። ሴቲቱ ግን ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን በአፍንጫዋና በዓይኗ ነው። ስለሆነም ዕውቀቷ «ልማድ» ተባለ እንጂ «ቴክኒክ» አልተባለም። እርጎው ለአባወራው ገበታ ቀረበ፤ ጭሱ ለእርሷ ተረፈ።

ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ የሚያልፍ የኦስሎ ነዋሪ ካለ አስቀድሞ ወደ ቢግዶይ ይውረድ። ሃንስ ኦል በ1894 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመሠረተው የኖርዌይ ሕዝብ ሙዚየም ውስጥ ከኑሜዳል ሸለቆ የመጣ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸ፣ ራውላንድስቱዋ የሚባል የግንድ ቤት አለ። ምድጃው በወለሉ መካከል ነው፤ ጭስ ማውጫው የጣሪያ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከዚያ የገባ ኢትዮጵያዊ የአያቱን ጎጆ ያስታውሳል። ይህች ዛሬ ባለጸጋ የሆነች አገር ከ1825 ጀምሮ ባለው መቶ ዓመት ከ800,000 የሚበልጡ ልጆቿን ወደ አሜሪካ ሸኝታለች። ድህነት የሕዝብ ጠባይ ሳይሆን የታሪክ ደረጃ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ጭሱስ ከዚያ ጎጆ ወዴት ሄደ? አንዱ መንገድ በምዕራቡ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ስታቫንገር ወሰደው። በዚያች ከተማ በ1873 የመጀመሪያው የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጭስ የበሰለች ብሪስሊንግ የምትባል ደቃቃ ዓሣ በዘይት ተነክራ በቆርቆሮ መታሸግ ጀመረች። ዓሣዋ በቀጭን ዘንግ ተሰክታ ትሰቀላለች፤ በምድጃ ጭስ ትበስላለች፤ ጭንቅላቷ ተቆርጦ ትደረደራለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በከተማዋ በደርዘን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የማጀቱ ዕውቀት ሸቀጥ ሆነ፤ እጁ ያው የሴቲቱ እጅ ሆኖ ሳለ ዘንጉና ምድጃው ግን የባለ ፋብሪካው ሆኑ።

ከማጀትና ከፋብሪካ ሌላ ሦስተኛ መንገድ የለምን? ከጋና ጠረፍ መልስ እናገኛለን። በአክራ አጠገብ በምትገኘው በቾርኮር፣ በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የጋና የምግብ ምርምር ተቋም ከአካባቢው ዓሣ አጫሽ ሴቶች ጋር ሆነው ነባሩን ምድጃ አሻሻሉ። ምድጃው ከጭቃ ወይም ከጡብ የሚሠራ አራት ማዕዘን ነው፤ በላዩ የሽቦ ወንፊት የተወጠረባቸው የእንጨት መደርደሪያዎች ይደራረባሉ፤ ተደራርበውም ራሳቸው የጭስ ማውጫ ይሆናሉ። ማገዶ ይቆጥባል፤ ዓሣውንም አንድ በአንድ ማገላበጥን ያስቀራል። ኋላም በጭሱ ዝፍት ውስጥ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው ስላሳሰበ፣ በ2008 በሴኔጋል በዳካር ቲያሮይ የተባለው ምድጃ ተነደፈ፤ እርሱም ማብሰሉን ከማጠኑ ለይቶ ጭሱን አጣርቶ ያስገባል።

ይህን ሁሉ አንብበን፣ ሥዕል ነድፈን፣ ወደ ራሳችን ሣጥን ተመለስን። ቀለም ካልነካው ጣውላ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ሠራን፤ ከተጣለ የብረት ምድጃ ጋር በቧንቧ አገናኘነው፤ ክዳኑን በረጠበ ጆንያ ሸፈንነው። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በጫካና በአካባቢው እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ከአንድ ወዳጃችን ጓሮ ተከልነው። ማክሬሉን ከፊዮርዱ በገዛ መንጠቆአችን አወጣነው፤ በዚህ አገር ነዋሪ ለሆነ ሰው የባሕር ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ ፈቃድም ክፍያም አይጠይቅምና። ሌሊቱን በጨው ውኃ አሳደርነው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከሸፈ፦ እሳቱ ሲንቀለቀል ዓሣው ላይ ጥላሸት ተለጠፈ፤ ቧንቧው ረጅም ስለነበረም ውስጡ ጥሬ ቀረ።

ያን ዕለት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ከጓሮው በር ቆመው ያዩን ነበር።

«ነበልባል ምን ሊሠራላችሁ ነው ልጆቼ? ወይራ ሲታፈን እንጂ ሲነድ አያጥንም» አሉን።

የምድጃውን አፍ በቆርቆሮ አጠበብን፤ ቧንቧውን አሳጠርን፤ ኦር የተባለውን የአገሩን እንጨት በስሱ ጨመርን። ጭሱ ሳሳ፣ ሰማያዊም መሰለ። የዓሣው ውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አወጣነው። እኛ ከሣጥኑ ላይ አጎንብሰን ስናይ እናታችን ክንዳችንን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡን፦ «ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ እኔ በዓይኔ የከፈልሁት ይበቃል።»

የብዙ ወራት ንባባችን በዚህች ዓረፍተ ነገር ተጠቃለለ። ዕውቀቱ የእርሳቸው ነበር፤ የጎደላቸው ጭሱን ከዓይናቸው የሚለይ ጣውላ፣ ቧንቧና ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ይህም ውድ ነገር አይደለም። ውድ አለመሆኑም ጥያቄውን ያከብደዋል፦ ይህን ያህል ርካሽ ነገር ይህን ያህል ዘመን ወደ ማጀት ያልገባው በምን ምክንያት ነው? ከድህነት ይልቅ የሴቲቱን ድካም ከቁም ነገር ያልቆጠረ ሥርዓት መልሱን ይሰጣል ብዬ አምናለሁ፤ ያ ሥርዓት ደግሞ ከቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን ከእኛም ቤት ነበር።

ስለሆነም ለአንባብያን አንድ ነገር አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ቃል የአጠናውን ጥበብ እንመዝግብ፦ የትኛው እንጨት፣ ለየትኛው ዕቃ፣ ለምን ያህል ጊዜ። ስንመዘግብም ዓይናቸው እንዴት እንደ ሆነ መጠየቅ አንርሳ።