«የዘይት መብራት» ምን ይላል? የመኪና ማስጠንቀቂያ ስያሜዎች ታሪክ፣ ከደብረ ታቦር መንገድ አንጻር

አንድ የሙያ ቃል ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሰማው ሰው በሚወስደው ርምጃም ጭምር ነው። በሾፌሩ ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚበሩት ትንንሽ መብራቶች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ስማቸው በተሳሳተ መንገድ ከተተረጎመ የሚጠፋው የቋንቋ ውበት ሳይሆን ሞተር፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ነው።

የደብረ ታቦር አካባቢ ለእንዲህ ያለው የስያሜ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሁሉ የሚበልጠውና ወደ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ እየተጎተተ፣ መንገድም እየተጠረገለት ከደብረ ታቦር መቅደላ ደርሷል። ስሙ የሩቅ አገር ከተማ ስም ነው፤ መሸከሚያው ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት በታወቀው ቃል ሠረገላ ተባለ። ዕቃውን በባዕድ ስም፣ ሥራውን በቤት ቃል የመጥራቱ ልማድ ከመኪና በፊት የነበረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጋራዡ ቋንቋ በብዛት የተስፋፋው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር በ1933 ዓ.ም. እጁን ሰጥቶ ሲሄድ ቃላቱ ቀሩ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ከእነዚህ መካከል ፍሬቻ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ቃሉ በጣልያንኛ ፍላጻ ማለት ነው፤ የመታጠፊያ ምልክት በቀድሞዎቹ መኪኖች ላይ ከጎን ብድግ የሚል ክንድ ነበርና። ክንዱ ጠፍቶ በምትኩ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ቢመጣም ስሙ ጸንቷል። «ፍላጻ» ብለን እንተርጉመው የሚል ቢነሣ አንስማማም፤ ፍሬቻ አማርኛ ሆኗል።

ሰሌዳው ራሱ ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ዳሽቦርድ መጀመሪያ የፈረስ ጋሪ ነጂን ፈረሱ ከሚረጨው ጭቃ የሚከልል ሳንቃ ነበር። ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ቃል መፈለግ ዋጋ የለውም። «የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ» ይበቃል።

ዋናው ችግር ያለው «የዘይት መብራት» ላይ ነው። የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት ይህ ቀይ መብራት የሚያመለክተው የዘይትን መጠን ሳይሆን ግፊትን ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ትንሽ መሣሪያ የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ የኤሌክትሪኩን መስመር ያገናኛል፤ መብራቱም ይበራል። ቁልፉ ሲከፈት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋቱ የጤና ምልክት ነው። በጉዞ ላይ ቢበራ ግን ሾፌሩ ወዲያው ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ማየት አለበት። ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ይሞላል፤ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ግን ጥፋቱ ከዘይት ፓምፑ፣ ከተበሉት ብረቶች ወይም ከመሣሪያው ከራሱ ሊሆን ስለሚችል ግፊቱ በጌጅ ሳይለካ ሞተሩ አይነሣም። «የዘይት መብራት በራ» የሚለው አነጋገር ግን «ዘይት ጎድሏል» ተብሎ ይሰማል። አንድ ሊትር ጨምሮ የጋይንትን ዳገት የሚቀጥል ሾፌር የተሳሳተው በድፍረት ብቻ አይደለም፤ ስያሜውም አሳስቶታል። ስለዚህ «የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ» እንላለን፤ ቢረዝምም።

የሙቀቱ መብራት በደጋ አገር ሌላ ጉድ አለበት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ስለምትገኝ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ይህን የሚከለክለው ግፊት የሚይዘው ክዳን ነው። ክዳኑ ከላላና የተሞላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ መብራቱ ከሚበራበት ሙቀት በፊት ውሃው ይፈላል። ውሃው ካለቀ ደግሞ ሙቀት ለኪው በእንፋሎት መካከል ቀርቶ ሐሰት ሊናገር ይችላል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ ለሚያልፍ ሾፌር መመሪያ የሚተረጉም ሰው «መብራቱ ካልበራ ሥጋት የለም» ብሎ እንዳይጽፍ ያስፈልጋል።

የባትሪውም ሥዕል እንዲሁ ያሳስታል፤ የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ባትሪው ኃይል አለመሞላቱን ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው።

በመጨረሻ የመጣው «ቼክ ኢንጅን» ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ መኪኖች ጥፋታቸውን በኮድ የሚመዘግቡበት ወጥ ሥርዐት ግዴታ ሆነ፤ ሌሎችም አገሮች ተከተሉ። ይህ ቢጫ መብራት ረግቶ ሲበራ ቶሎ ማስመርመር፣ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ፍጥነት መቀነስና በተመቸ ስፍራ መቆም ይገባል። ኮዱም ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። «ፒ0301» የሚለው ኮድ በ1ኛው ሲሊንደር ቃጠሎው መሳቱን ይነግረናል፤ ካንዴላው፣ ገመዱ ወይስ የነዳጅ መርጫው መሆኑን ግን አይነግረንም።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ወጥመድ ያዘጋጃል። ጥፋት፣ ጠፋ፣ አጠፋ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። መካኒኩ «አጠፋሁት» ሲል ያጠፋው መብራቱን ይሁን ጥፋቱን ሰሚው አይለይም፤ ኮዱን ብቻ ሰርዞ የሚሸኝም «አጠፋሁት» ይላል። ስለዚህ ለኮዱ «መሰረዝ»፣ ለመብራቱ «ማጥፋት»፣ ለብልሽቱ «መጠገን» የሚሉት ሦስት ግሦች በመመሪያ ትርጉም ውስጥ ሳይቀላቀሉ እንዲጻፉ፣ በደረሰኝም ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደ ተሠራ ለይቶ የሚያሳይ ዓምድ እንዲኖር እናሳስባለን።