አምባርና አልቦ፦ የጥንቱ ጌጥ በመዝገበ ቃላት

የጌጥ ስም በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ብዙ ጊዜ «የሴቶች ጌጥ» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ያለው ፍቺ የእጁን አምባር ከእግሩ አልቦ አይለይም፤ ታሪክንም ይዘነጋል።

በ1ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል በግብፅ የተሠራ ልብስንና ተቆርጦ ለሴቶች የእጅና የእግር ጌጥ የሚሆን መዳብን ይጠቅሳል። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የተላከው የቢዛንታይን መልክተኛ ደግሞ ንጉሡ በወርቅ ያጌጠ የራስ ማሰሪያ፣ የወርቅ የአንገት ጌጥና አምባር አድርጎ እንዳየው ተርኳል። እንግዲህ ጌጥ የሴቶች ብቻ አልነበረም።

ለአክሱም ዘመን ምስክሩ ጽሑፍና ገንዘብ ሲሆን፣ ለኋለኛው ዘመን አንዱ ምስክር የገዳማት ሥዕል ነው። ከባሕር ዳር በታንኳ ተነሥቶ ወደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ርቆም ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚሻገር መዝጋቢ ልብሱ በአካል ላይ እንደዋለ ያገኘዋል። በናርጋ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ሥዕል ግን ስም አይናገርም፤ ስሙ ያለው በአረጋውያን አፍ ነው። አምባር ይጠለቃል፣ ዘውድ ይደፋል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ኩል ይኳላል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ግሥ አለው። ስለዚህ ፍቺው የሚውልበትን አካል፣ የተሠራበትን ነገር፣ የሚያጌጥበትን ሰውና ግሡን ይያዝ። ዕቃው ከአካል ሲወርድ ስሙም ከአፍ ይወርዳልና።